በአንድ በግ ዋጋ ተዳበስኩ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። የእኔ ጉድ መስከረምንም አልጠበቀ። ገና በሚያዝያ፣ ሰው ሁሉ የፋሲካ በግ ጀርባ እየጨበጠ ሲያማርጥ፣ ባሕር ማዶ ያለችው ልጄ የአንድ ሙክት ዋጋ ከፍላ እኔን አስዳበሰችኝ። ልብ በሉልኝ፤ «አሳሸችኝ» አላልኩም። ማሸትና መዳበስ ለዘንድሮ ሰው አንድ ሆነዋል፤ እንደኔ ከወንበር ሲነሳ ጉልበቱ የሚያጨበጭብለት ሰው ግን ልዩነቱን በአጥንቱ ያውቀዋል።

ነገሩ የተጀመረው ከቁርጭምጭሚቴ ነው። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ የላስቲኩ ምልክት እግሬን ዞሮ እንደ ቦይ ተቀርጾ ይቀራል። በጣቴ ስጫነው ይሰረጉድና ልክ በደንብ እንደተቦካ ሊጥ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ይህን ለልጄ በስልክ መንገሬ የኔ ጥፋት ነው። ድሮ ሰው ለሩቅ ዘመዱ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ ደብዳቤው ሦስት ወር መንገድ ላይ ይከርማል፤ እስኪደርስ ወይ በሽታው ይድናል ወይ በሽተኛው ይሞታል፤ ማንም አጉል አይጨነቅም ነበር። አሁን ግን «አባዬ፣ እግርህን በካሜራ አሳየኝ» ተባልኩ። አሳየሁ። የልጆቼ እናት ከጎኔ ግራ ክንዷን ትራስ ላይ አሳርፋ ትስቃለች። በማግስቱ ሐኪም ቤት፣ በሳምንቱ «ስፓ» ወደሚሉት ቤት ተላክሁ።

ሐኪሙ የልጅ ልጄ እኩያ ነው። የድሮ ሐኪም ፀጉሩ ሸብቶ፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ወርዶ፣ አንድ ነገር ሳይነግርህ መርፌ ወግቶ ይሸኝሃል፤ ምን እንደታመምክ ስለማታውቅ በሰላም ትተኛለህ። ይሄኛው ልቤን በማሽን አየ፣ ኩላሊቴን በደም መረመረ፣ ሁለቱንም ባቶቼን እንደ ልብስ ሰፊ በሜትር ለካ። ሁለቱም እግር አንድ ላይ ቀስ በቀስ ካበጠ ከልብ፣ ከኩላሊት፣ ከጉበት ወይም ከመድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ አንዱ እግር ብቻውን በድንገት አብጦ ካመመ ደግሞ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ሳይነካኩ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው አለኝ። በመጨረሻ የፈረደልኝን ስሙ፦ «አባት፣ ልብዎም ኩላሊትዎም ደህና ነው። ለግፊት የሚወስዱት አምሎዲፒን አንዳንድ ሰው ላይ እግር ያሳብጣል፤ እሱን እናስተካክላለን። ጨው ይቀንሱ፣ ሲቀመጡ እግርዎን ከፍ ያድርጉ፣ ደግሞ ይራመዱ።»

ይራመዱ! ለዚህ ነው ካርድ ያወጣሁት? እኔ ጎጃም ውስጥ ከተወለድኩባት መንደር እስከ ደብረ ማርቆስ ሙሉ ቀን በእግሬ ስመላለስ ያደግሁ ሰው ነኝ። ያ ሁሉ የሄድኩት መንገድ የትም አይቆጠርልኝም ማለት ነው? ሰው በወጣትነቱ የተራመደውን በስተርጅና ቁጭ ብሎ ካልበላው ምን ጥቅም አለው?

የዕድሜ ጓዶቼ ሆይ፣ ወደ ማሸቱ ልመለስ። በኛ ጊዜ ማሸት ማሸት ነበር። የመንደራችን ወጌሻ መዳፉ እንደ ሞፈር የከረረ፣ አውራ ጣቱ እንደ ችካል የጠነከረ ሰው ነበር። ቅቤ እሳት ዳር ይቀልጣል፣ በሽተኛው አጎዛ ላይ ይዘረጋል፣ ሁለት ጎረምሶች እጅና እግሩን ይይዙታል፣ አንድ አዛውንት ጭንቅላቱ ዘንድ ቁጭ ብለው «አይዞህ» ይላሉ። ከዚያ ሥራው ይጀመራል። ጩኸቱ ከወንዝ ማዶ ይሰማል። በሽተኛው ከጮኸ «እየዳነ ነው» ይባላል፤ ዝም ካለ «ዳነ» ይባላል። ክፍያው አንድ ቁና ገብስና ምርቃት ነው። እኔ ራሴ በ12 ዓመቴ ከዋርካ ወድቄ ትከሻዬ ወለም ሲል በዚሁ ሰው እጅ ታሽቻለሁ። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀኝ እጄ ከትከሻዬ በላይ ወጥቶ አያውቅም። እንዲህ ነበር የሚሠሩት፤ ሥራቸው ዕድሜ ልክ የማይለቅ!

አሁን የስፓውን ነገር ስሙ። ገና ከበሩ ጫማ አውልቅ፣ ነጠላ ጫማ አጥልቅ። ከዚያ ፎርም። 38 ዓመት በመንግሥት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝና ፎርም አያስደነግጠኝም፤ ያስደነገጠኝ ጥያቄው ነው። ልብ ድካም አለብዎት? ኩላሊት? የረጋ ደም? ትኩሳት? የቀላና የሚያቃጥል ቆዳ? ካንሰር? ወጌሻችን ከሰው የሚጠይቀው «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ብቻ ነበር። «ልጄ፣ ለመታሸት ነው የመጣሁት ወይስ ለመናዘዝ?» አልኳት የምታሸኝን ልጅ። በትሕትና አስረዳችኝ። ደሙ የረጋ ሰው ከታሸ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ልቡ የደከመ ሰው ላይ ከእግር ውሃ ወደ ልብ መንዳት በዛለ አህያ ላይ ጭነት መጨመር ነው። ቆዳው የተመረዘ ሰው ደግሞ መጀመሪያ መድኃኒት ይወስዳል እንጂ አይነካም። እንዲህ ዓይነቱ የዘመን ፍርሃት ያናድዳል። የጎረቤታችን አባወራ አንድ እግሩ በድንገት አብጦ፣ ወጌሻችን ከጭኑ እስከ ተረከዙ ሁለት ቀን ሙሉ አሽቶት፣ በሦስተኛው ቀን ትንፋሽ አጥሮት ሞተ፤ ማን ፎርም ሞላ? ቀኑ ደርሶ ነው የሞተው፤ ማሸቱማ ግሩም ነበር።

ከዚያ ልብስህን አውልቀህ ይህን ልበስ ተባልኩ። የሰጠችኝ ነገር ሙታንታ ነው። ከወረቀት የተሠራ ሙታንታ! ዕድሜዬን በሙሉ ወረቀት ሳገላብጥ ኖሬ በስተርጅና ወረቀት ለበስኩ። በተንቀሳቀስኩ ቁጥር እንደ ፋይል ይንኮሻኮሻል፤ ቢያንስ ማኅተም ቢኖረው ደስ ይለኝ ነበር። ክፍሉ ደብዘዝ ብሏል፣ ሻማ በርቷል፣ ከግድግዳው ውስጥ የሚወርድ የምንጭ ድምፅ ይሰማል። እናንተ እንደኔ ሌሊት አራት ጊዜ የምትነሱ ወንድሞቼ፣ በእኛ ዕድሜ ላለ ወንድ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚወርድ ውሃ ማሰማት ግፍ መሆኑን ትመሰክሩልኛላችሁ።

ተጋደምኩ። ልጅቷ እጇን አሞቀችና አንገቴ ሥር፣ ከአንገቴ እስከ ትከሻዬ ከተጋደመው አጥንት በላይ ባለችው ጎድጓዳ ቦታ ላይ አሳረፈች።

«ልጄ፣ ያበጠው እግሬ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ አባባ፤ መጀመሪያ መውጫውን ልክፈት ብዬ ነው።»

ይህቺን ስሰማ ትንሽ ዝም አልኩ፤ የመስኖ ልጅ ነኛ። አባቴ ቦይ ሲጠርግ ምንጊዜም ከታች፣ ውሃው ከሚወጣበት ነበር የሚጀምረው። መውጫው በደለል ተደፍኖ ከላይ ውሃ ብትለቅ ማሳውን ሁሉ ያጥለቀልቀዋል። የሰውነት ውሃም መውጫው አንገት ሥር ነው፤ ከእግር፣ ከሆድና ከግራ እጅ የሚመጣው ተጠራቅሞ ከአንገት ግርጌ በስተግራ ካለው ትልቅ የደም መልስ ሥር ውስጥ ይገባል፤ ቀኝ ክንድ፣ የራስና የደረት ቀኝ ጎን ብቻ በስተቀኝ የራሳቸው መግቢያ አላቸው። ስለዚህ አንገት ይከፈታል፣ ከዚያ ሆድ፣ ከዚያ ጭን፣ ከዚያ ባት፣ በመጨረሻ ቁርጭምጭሚት። አባቴ ፊደል ሳይቆጥር የሚያውቀውን ነገር ዘንድሮ በሻማ ብርሃን ይሸጡታል።

እጇ ግን! አንገቴ ላይ ያረፈችውን እጅ ቅለቷን እንዴት ልንገራችሁ። ዝንብ ብታርፍብኝ ከዚያ በላይ ትከብዳለች። ቆዳዬን በቀስታ ወደ አንድ አቅጣጫ ሳብ ታደርገዋለች፣ ትለቀዋለች፤ ሳብ፣ ለቀቅ። ዘይት የለ፣ ቅቤ የለ፣ ጩኸት የለ። አምስት ደቂቃ ታገሥኩ። ከዚያ «ልጄ፣ በርቺ እንጂ፤ ቁርስ አልበላሽም?» አልኳት።

«አባባ፣ እኔ የምፈልጋቸው ሥሮች ሥጋዎ ውስጥ አይደሉም፤ እዚሁ ከቆዳዎ ሥር ናቸው። በጣም ከተጫንኩ ይጨፈለቁና ውሃው መሄጃ ያጣል።»

እንዲያው ነገሩን ከያዝነው እንጨርሰው። ደም ልብ የሚባል ባለቤት አለው፤ ቀንም ሌሊትም ይገፋዋል። ነገር ግን ከቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ዘወትር ውሃ እየሾለከ ሥጋ መሐል ይገባል። ይህን ውሃ ለቅሞ የሚመልስ ሌላ የቦይ መረብ አለ፤ ውሃው እዚያ ሲገባ ሊምፍ ይባላል። በቀን ከ2 እስከ 4 ሊትር የሚሆነው በዚህ መንገድ ወደ ደም ይመለሳል። ለዚህ ሁሉ ጭነት ግን ልብ የለውም። ቦዮቹ ራሳቸው ቀስ እያሉ ይጨመቃሉ፤ በውስጣቸው ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉ ጥቃቅን በሮች አሏቸው፤ የቀረውን የሚገፋው ሲራመዱ የሚጠብቀው ባትና ሲተነፍሱ የሚወጣ የሚወርደው ደረት ነው። እንግዲህ ሰው ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ተጎልቶ ሲውል ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ጋ ደጅ ይጠናል። ይህን ስሰማ ጥፋቱ የሶፋው መሆኑ ገባኝ። ድሮ መደብ ነበር፤ መደብ ስለማይመች ሰው ይነሳ ነበር። ሶፋውን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ግን የሠራው ሰው ነው የሚጠየቀው።

በመንገዱ ላይ ደግሞ ኬላዎች አሉ፤ ከ500 እስከ 700 ይደርሳሉ። አንገት፣ ብብት፣ ብሽሽት ላይ ይበዛሉ። በውሃው ውስጥ ተደብቆ የሚያልፍ ተባይ ካለ እዚያ ይፈተሻል፣ ይያዛል፤ ውጊያው ሲበረታ ኬላው ያብጣል። እኛ «ንፍፊት» የምንለው ይህንኑ ነው። ንፍፊት ሲወጣብኝ እናቴ ገና ምግብ ሳትቀምስ የጠዋት ምራቋን ትቀባኝ ነበር። በሳምንቱ ይጠፋል። ሐኪሙ «ሳይቀባም በሳምንቱ ይጠፋ ነበር» አለኝ። ምራቅ የሌለው ትውልድ!

ይህን የሊምፍ ሥር ማን እንዳገኘው የልጅ ልጄ ከስልኩ አነበበልኝ። ስልክ አልወድም፤ ግን ሲነበብልኝ አልከለክልም። እ.ኤ.አ. በ1622 ጋስፓሬ አሴሊ የሚባል የጣሊያን ሐኪም የአንድ ውሻ ሆድ ከፍቶ ሲያይ በአንጀቱ ዙሪያ ወተት የመሰሉ ነጭ ክሮች አገኘ። በሌላ ውሻ ደግሞ ሞከረ፤ ምንም የለም። ኋላ ሲያስብ የመጀመሪያው ውሻ በልቶ ነበር፤ ሁለተኛው አልበላም። ለካስ ክሮቹ የሚነጡት ከምግብ የተገኘውን ቅባት ሲሸከሙ ነው! ይህን ግኝት የጾም አገር ሰው ቢሆን ኖሮ በዐቢይ ጾም መሐል መቼም አያገኘውም ነበር። አየህ፣ ጾም ምን ያህል ምስጢር ጠባቂ ነው አልኩት ለልጁ። አልገባውም።

ይህን መዳበስ በሥርዓት ያዋቀሩት ደግሞ ኤሚል ቮደር የሚባል የዴንማርክ ሰውና ሚስቱ ኤስትሪድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ፈረንሳይ፣ ካን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ይሠሩ ነበር። ከእንግሊዝ አገር ብርድ ሸሽተው የመጡ፣ ጉንፋን የማይለቃቸው ሰዎች አንገት ላይ ንፍፊት አብጦ ያገኛሉ። የዚያን ጊዜ ሐኪሞች ንፍፊት አይነካም ይሉ ነበር። ባልና ሚስቱ ግን በቀስታ ዳበሱት። እ.ኤ.አ. በ1936 ፓሪስ ላይ ለሕዝብ አሳዩት። ይኸው ዘጠና ዓመት ያህል ሆነው፤ እኔ ግን «አዲስ ፈሊጥ» ማለቴን አልተውም፤ ከእኔ በኋላ ሰፈሬ የገባ ነገር ሁሉ አዲስ ነው።

የልጅ ልጄ እህት ደግሞ የባሰባት ናት። ቲክቶክ ላይ ያየችውን አረንጓዴ ድንጋይ አስመጥታ ጠዋት ጠዋት ፊቷ ላይ ታንከባልላለች። «አባባ፣ ሊምፌ ተይዞ ነው ፊቴ ያበጠው፤ መርዝ እያስወጣሁ ነው» ትላለች። ሊምፏ አልተያዘም፤ እሷ ናት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በስልክ የተያዘችው። የስፓዋን ልጅ ጠየቅኋት፤ እውነቱን ነገረችኝ። የፊት ማበጥን ለጥቂት ሰዓት ያቀልላል እንጂ ስብ አያቀልጥም፤ ሚዛን ላይ የሚቀንስ ቢኖር ውሃ ነው፣ ውሃው ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። መርዝ የሚያስወጡት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ ለነሱ ማንም ሻማ አያበራላቸውም። እንዲህ ያለውን ውሸት ለልጆች ሲሸጡ ደሜ ይፈላል! መርዝን ከሰውነት የሚጠርገው ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ መሆኑን ሕፃን እንኳ የሚያውቀው አይደለም? እኛ በየሁለት ወሩ ኮሶ ጠጥተን ሁለት ቀን ከጓሮ ሳንመለስ ውስጣችንን አጥበን የኖርን ሰዎች ነን። ከኮሶ በኋላ ሰውነት እንዴት ቀለል እንደሚል! መቆም እስኪያቅት ድረስ።

ይህን ሁሉ እብጠት ያመጣው ጫማ ነው ብዬ አምናለሁ። አትሳቁ። በኛ ጊዜ ባዶ እግር ነበር፤ እግር ከመሬት ጋር ይነጋገር ነበር። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ዓለምን ያስደነቀው ምን ተጫምቶ ነበር? ምንም! ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ወሬው መንደራችን እስኪደርስ አዲሱ ዓመት አርጅቷል፤ ሁላችንም ግን ያልነበረንን ጫማ በደስታ አውልቀን ሮጥን። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጥኖ ገባ የሚሉ አሉ። የቶኪዮ መንገድ ቁልቁለት ይሆናል።

መሬታችንም መሬት ነበር። እንደ በርበሬ የቀላ፣ በክረምት እግር የሚውጥ፣ በበጋ እንደ ዱቄት የሚቦን። የአባቴ ታናሽ ወንድም በዚያ ቀይ አፈር ላይ ጎሕ ሲቀድ ጠምዶ ማታ ፈትቶ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ገና በሃያዎቹ እግሩ ማሳከክ፣ ከዚያ ማቃጠል፣ ከዚያ ማበጥ ጀመረ። በአርባ ዓመቱ ሁለቱም እግሮቹ የዛፍ ግንድ አክለው፣ ቆዳው እንደ ድንጋይ ሽበት ሻክሮ፣ ጣቶቹ ጠፍተው ነበር። ዝሆኔ ይባላል። እባብ የሞተበትን ረግጦ ነው ያሉ አሉ፤ ምች ነው ያሉ አሉ፤ ዘር ነው ያሉም አሉ። ወጌሻችን ሦስት ጊዜ አሽቶታል። በመንደራችን ግን መከባበር ነበር፤ ሰው ሁሉ ያከብረው ነበር፤ ከሩቅ። ሠርግ ሲጠራ ብቻውን ይቀርብለታል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳይሆን ከቅጽሩ ዳር ከዋንዛው ሥር ሆኖ ያስቀድሳል፣ ሴት ልጁን የሚያጭ አልመጣም። እንዲህ ያለ መተሳሰብ ዛሬ የት ይገኛል?

ስለ አጎቴ ለሐኪሙ ብነግረው ልጁ ወንበሩን ስቦ ቀረበኝ። ያ ነገር እባብም ምችም አልነበረም አለኝ። ትል ያመጣው ዓይነትም አለ፤ በደጋው ቀይ አፈር ላይ የሚታየው ግን ሌላ ነው። ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ የወጣው የዚያ አፈር ደቃቅ ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ በኩል እየገባ፣ ዓመት በዓመት ላይ የሊምፉን ቦዮች እያቆሰለ ይደፍናቸዋል። ቦዩ ሲደፈን ውሃው እግር ላይ ይቀራል፤ ውሃው ሲቆይ ሥጋው ይጠነክራል። በዘር ለዚህ የተጋለጠ ሰው አለ፤ ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም፤ አብሮ ቢበሉ፣ ቢጋቡም አይዝም። ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ዓመታት አጥንቶ ጥፋቱ የአፈሩ መሆኑን ያሳየው፤ ከግሪክኛ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉት ቃላት አገጣጥሞ ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ ጠራው። በዓለም ላይ ይህ ሕመም እንደ ኢትዮጵያ የበዛበት አገር የለም። ሕክምናውም ቀላል ነው፤ እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ጀርም በሚገድል ውሃ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ገና ሲጀምር ከተያዘ እብጠቱ ይጎድላል። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ያደረገ ሰው ደግሞ ጨርሶ አይዘውም።

«አጎትዎ ጫማ ቢኖራቸው ኖሮ» አለኝ ልጁ።

ጫማ! ያን ጊዜ ጫማ ቀልድ ነው? አንድ ጥንድ ጫማ የአንድ በግ ዋጋ ነበር። አባቴ አንድ ዓመት ሊገዛለት አስቦ ነበር፤ በጉን ወደ ገበያ ሊወስደው ገመድ አስሮለት ሁሉ ነበር። ኋላ ግን ለፋሲካ አረድነው። እንዴት ያለ ፋሲካ ነበር መሰላችሁ! አጎቴ እንኳ ዋንዛው ሥር ቁጭ ብሎ ቅልጥም በላ።

እንዲህ ያለው ዘመን አለፈ። አሁን ያለው ዘመን ሰው በገዛ ቤቱ የሐኪም ረዳት የሚሆንበት ነው። የልጆቼ እናት ባለፈው ዓመት የግራ ጡቷ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናት። ታዲያ ከብብቷ ያሉትን ኬላዎች አብረው ስላወጡ የክንዷ ውሃ መንገዱ ጠበበው። ቀለበቷ አልገባ አለ፣ የቀሚሷ እጅጌ ያዛት። ሆስፒታል ያለች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ልክ በልኩ የሚያጠብቅ እጅጌ አስለበሰቻት፣ የጣትና የክንድ እንቅስቃሴ አስተማረቻት፣ በሥርዓቱ ዳበሰቻት። «እጅዎን ከቁስልና ከእሳት ይጠብቁ፤ ከቀላና ከተኮሰ ቶሎ ይምጡ» አለቻት። ቀጥሎ ወደኔ ዞራ «አባባ፣ እርስዎ ደግሞ ማታ ማታ እንዲህ ያደርጉላታል» ብላ አሳየችኝ።

እኔም ወንድ አይደለሁ? ወጌሻችንን እያስታወስኩ ጀመርኩ። የልጆቼ እናት ጮኸች። «እየዳንሽ ነው» አልኳት። ሌሊቱን ክንዷ ቀልቶ ብሶበት አደረ። «አንተ ሰው፣ ክንዴ ሊጥ መስሎሃል እንዴ የምታሸው?» አለችኝ። ሦስት ቀን ተኳረፍን። ይህን ለልጃችን የነገራት ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ስልኩ ግን ያለው እናቷ እጅ ነው። ስፓውን የከፈለችው በዚያው ሳምንት ነው። በስልክ ስትሸኘኝም «አባዬ፣ የልጅቷ እጅ እንዴት እንደሚያርፍ ልብ ብለህ እይ» አለችኝ። ለእግሬ መስሎኝ ነበር።

አሁን ማታ ማታ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ዜና ሊጀመር ሲል፣ ሥራ አለብኝ። መጀመሪያ አንገቷ ሥር፣ ቀጥሎ ጤነኛው የቀኝ ብብቷ፣ ከዚያ ደረቷን አሻግሬ፣ ከዚያ የክንዷ ላይኛው፣ በመጨረሻ ታችኛው። ቆዳዋን ሳብ፣ ለቀቅ፤ ዝንብ እንዳረፈች ያህል። እጄ ይህን ያህል መቅለል መቻሉን አላውቅም ነበር፤ ቀኝ እጄ ከትከሻ በላይ ስለማይነሳ ነው መሰል ቀስ ብሎ መሥራት አይከብደውም። በየሳምንቱ በሜትር እንለካታለን። ቀለበቷ ገና አልገባም፤ እጅጌዋ ግን አይዛትም። ይህ ሁሉ ግን ዜናዬን አሳጥቶኛል። ወር ሙሉ ዓለም ላይ ምን እንደተደረገ አላውቅም፤ ደግሞ ሃያ ደቂቃ ሳትሞላ ትተኛብኛለች። ክንዷ ጭኔ ላይ ስላለ ተነስቼ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ማድረግ አልችልም። ድሮ ቢሆን ሚስት ባሏ ሳይተኛ አትተኛም ነበር።

ስፓውን ለመውቀስ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ሄጃለሁ፤ በእግሬ ነው የሄድኩት፣ ታክሲ ስለተወደደ። ልጅቷም «እግርዎ ጎድሏል እኮ አባባ» አለችኝ። ያቺ የወረቀት ሙታንታ ናት ያጎደለችው አልኳት።

ይህን ስጽፍላችሁ የልጆቼ እናት ተኝታለች፤ እግሬ በርጩማው ላይ ነው። ሐኪሙ ከፍ አድርግ ስላለኝ አይደለም። በርጩማው እዚያ ስለነበረ ነው።